አራተኛው ንጹሕ ቅጂ

ኦቶና ሆስፒታል የሄድኩት ለዓይኔ ነው። ተራዬ እስኪደርስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ፊት መለየት ስለሚያስቸግረኝ፣ የሚያልፈውን ሰው ጫማ አያለሁ። ዛሬ የሶዶ ወጣት ሁሉ ሶሉ ወፍራም የሆነ ነጭ ሸራ ነው የሚያደርገው። በእኛ ጊዜ ኮንጎ ጫማ ያለው ተማሪ ራሱ ጫማ አለው ይባል ነበር፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጫማው እንዳይበላሽ በእጅ ይያዝና በባዶ እግር ይኬዳል። ይህን እያሰብኩ ሳለ ሁለት እግሮች ፊቴ መጥተው ቆሙና አላልፍ አሉ። ቀና ስል አንዲት ጠና ያለች ሴት፣ ራሷን በሻሽ አስራ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ነጭ ጋውን ከለበሰች ወጣት ጋር ቆማ ታየኛለች።

«ቲቸር!» አለችኝ።

ሶዶ ውስጥ «ቲቸር» ብሎ የሚያቆመኝ ሰው ብዙ ነው። ዕድሜዬን እዚሁ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ ባጃጅ ነጂውም፣ የቀበሌው ጸሐፊም፣ ቄሱም ፓስተሩም አንድ ቀን ፊቴ ቆመው አንብበዋል። አብዛኛውን ጊዜ ስማቸውን ያስታወስኩ መስዬ እስቃለሁ፤ እነሱም ያውቁብኛል፣ ግን ያልፉኛል።

«አላወቁኝም አይደል? ዘነበች ነኝ፤ ከተበላ ከተማ የሚመጣው።»

አውቄያታለሁ። ስሟን ሳትናገር በፊት በድምጿ አውቄያታለሁ።

«ይሄ የመጨረሻ ልጄ ነው» አለች፣ ወጣቷን በክንዷ ሳብ አድርጋ። «ነርስ ሆኗል። እዚሁ ነው የሚሠራው።» ልጅቷ ፈገግ አለች። ድሮ ቢሆን «ሆናለች በይ» ብዬ አቋርጣት ነበር፤ ያን ቀን አፌን ያዝኩ። ዘነበች ወደ ልጇ ዞረች። «እንግሊዝኛ ቲቸሬ ብዬ የምነግራችሁ ይሄ ነው። እሱ በጣም ጎበዝ ነበረ። እኔ ነኝ ሰነፍ። እንግሊዝኛ እምቢ አለኝ እንጂ እኔም ይሄኔ አስተማሪ ነበርኩኝ።»

ይህን ያለችው እየሳቀች ነው፤ ቂም የሌለበት ሳቅ። ቂም ቢኖርበት በተሻለኝ። ወዲያው ስሜ ተጠራ። ሐኪሙ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፊደል አንብብ አለኝ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። «ከዚያ በታችስ?» አለኝ። አይታየኝም አልኩት። እውነቱን ለመናገር ልቤ እዚያ አልነበረም፤ ስወጣ እናትና ልጅ ሄደዋል።

ዘነበችን ሳውቃት እኔ ገና ጎረምሳ አስተማሪ ነበርኩ። የትኛው ዓመት እንደሆነ ብጠየቅ እሳሳታለሁ፤ ስብሰባ የበዛበት፣ ስኳር በወረፋ የሚገዛበት ዘመን ነበር ብል ይበቃል። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ከቦምቦሊኖ ጋር በሃያ አምስት። ፉልስካፕ ወረቀት በነጠላ ይሸጣል፤ ባለሱቁ ጣቱን በምላሱ እያራሰ ሲቆጥር ጥጉ ላይ አሻራው ይቀራል፣ እኛም አሻራ የሌለበትን ስጠን ብለን እንጨቃጨቃለን። ቤልቦተም ሱሪ አዲስ አበባ ላይ ካለፈበት ቆይቷል፣ ሶዶ ላይ ግን ገና አላለፈበትም ነበር፤ እኔ ራሴ ጭቃ ሲሆን ከሥሩ አጥፌ በመርፌ ቁልፍ እይዘው ነበር። እዚሁ ሶዶ ከአራዳ ሰፈር ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ሙዚቃ ቤት ነበረ፤ ድምፅ ማጉያውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ጠዋት ክራር፣ ከሰዓት በኋላ የከተማ ዘፈን ያሰማል። ካሴቱ ሲያረጅ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ዛሬ እዚያ በረንዳ ላይ ሞባይል የሚጠግኑ ልጆች ተደርድረዋል፤ ከበላያቸው ደግሞ «እንግሊዝኛ በሦስት ወር» የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ሳልፍ ቆም ብዬ አነበዋለሁ። የዳሞታ ተራራ ብቻ ነው ቦታውን ያልለቀቀው፤ ጉሙን ራሱ ላይ ጠምጥሞ ያኔም ዛሬም ቁልቁል ያየናል።

እኔ የአራዳ ልጅ ነኝ። አያቴ ከሰሜን ለጽሕፈት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ወላይትኛዬ ዕንቁላልና ቅቤ ከመግዛት አያልፍም ነበር፣ ዛሬም ብዙ አላለፈም። ተማሪዎቼ ግን ቤታቸው ወላይትኛ፣ ከተማ ሲወጡ አማርኛ፣ ክፍል ሲገቡ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ልጆች ነበሩ። በሦስተኛ ቋንቋቸው ሲሰናከሉ የምቆጣቸው እኔ፣ በእነሱ ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር አሟልቼ መጨረስ የማልችል ሰው ነበርኩ። ተወልጄ ባደግኩበት አገር! ይህ ነገር ያኔ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ዝናዬ በትንንሾቹ የእንግሊዝኛ ቃላት ነበር። ትልልቁን ቃል ማንም መዝገበ ቃላት ገልጦ ያገኘዋል፤ እነ ኢንን፣ እነ አትን ግን የሚያሳውቀው አስተማሪ ነው እል ነበር። በተለይ ሰው የት እንደሚማር ሲናገር። አማርኛችን አንዷን «በ» ይዞ ሁሉንም ይወጣዋል፤ በትምህርት ቤቱ፣ በክፍሉ፣ በከተማው፣ በዩኒቨርሲቲው ብለን እንገላገላለን። እንግሊዝኛ ግን ለትምህርት ቤቱ አት፣ ለክፍሉና ለከተማው ኢን፣ ተመርቀው ለወጡበት ፍሮም ይላል። ሰሌዳው ላይ ቤት እስልና በሩ ላይ አት፣ ክፍሉ ውስጥ ኢን ብዬ እጽፋለሁ፤ ልጆቹ ሥዕሉን ይወዱታል። ችግሩ ሕጉ እንደ ሥዕሉ ቀጥ ያለ አለመሆኑ ነው። እኔን ያስተማረኝ አሜሪካዊ «ኢን ስኩል» ይል ነበር፤ ህንዳዊው ባልደረባዬ ደግሞ «አት ስኩል» ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። መምህራን ማረፊያ ክፍል ቁጭ ብለን ሻያችን እስኪቀዘቅዝ እንከራከር ነበር። አንድ ቀን ደወል ሲደወል ህንዱ መጻሕፍቱን ሰብስቦ ተነሣና በዚያ በሰባራ አማርኛው «ወንድሜ፣ ልጁ በር ላይ ይሁን፣ ውስጥ ይሁን፣ ዋናው ይማር» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

በዚያ ዓመት መምህራን የሚያሠለጥን አንድ ተቋም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨራሾች መርጦ እንደሚቀበል ተነገረን። አመልካቹ ከውጤቱና ከጉርድ ፎቶው ጋር በገዛ እጁ የጻፈውን የእንግሊዝኛ ማመልከቻ ማያያዝ አለበት። ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም። የእንግሊዝኛ መምህሩ አይቶ ካልፈረመበትም ርዕሰ መምህሩ ማኅተም አያሳርፍበትም። መምህሩ እንግዲህ እኔ ነኝ። አሠራሬ እንዲህ ነበር፤ ስህተቱን አልናገርም። እስክሪብቶዬን ገልብጬ በጀርባው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደርግና «አንብበው» እላለሁ። ተማሪው ያነባል። ስህተቱን ካገኘው ይሄዳል፣ ካላገኘውም ይሄዳል፤ ሁለቱም ሌላ ወረቀት ገዝተው ከ«ዲር ሰር» ጀምረው ንጹሕ ቅጂ ይጽፋሉ። ይህን የወረስኩት ከራሴ አስተማሪ ነው፤ ልጅ ራሱ ያገኘውን ስህተት አይረሳም ይለን ነበር። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። ግን እኛ የእሱ ተማሪዎች ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ቤታችን አምስት ደቂቃ የምንሄድ ልጆች ነበርን።

ዘነበች የኋላ ወንበር ላይ ነበር የምትቀመጠው። ከሁለት የአገሯ ልጆች ጋር መርካቶ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ተበላ ትወርዳለች፣ እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጠዋት ስንቋን ይዛ ትመለሳለች። የተቀቀለ ቦይና፣ እኛ ጎደሬ የምንለው ማለት ነው፣ የበቆሎ ቂጣ፣ በወተት ዱቄት ጣሳ ደግሞ ዳጣ። ሰኞ ሰኞ ክፍሉ የዳጣው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይሸትና የአራዳ ልጆች አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ እረፍት ላይ ግን እነሱው ናቸው ከበው የሚለምኗት። በሒሳብ የሚቀድማት አልነበረም። እንግሊዝኛም ታውቃለች፣ አፏ አይደፍርም እንጂ። ስጠራት ተነሥታ፣ ዴስኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓረፍተ ነገሩን ስትጨርስ ፊቴን ታያለች። ልክ ነው አልላትም። ልክ ሲሆን ዝም ማለት፣ ሲሳሳት መናገር የአስተማሪ ወግ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ቅጂ ስታመጣ መታ መታ አደረግኩበት። ሁለተኛው ላይ ያኛው ስህተት ተስተካክሎ በወዲያ በኩል ሌላ በቅሏል። ሦስተኛው ላይ የቀረችው አንዲት ትንሽ ቃል ነበረች፤ የምትማርበትን ትምህርት ቤት የጠራችበት ቦታ ላይ ያለችው። እሷንም መታ መታ። ዘነበች አነበበችው፣ ፊቴን አየች፣ ደግማ አነበበችው፣ አልታያትም። «ሂጂና ፈልጊው» አልኳት። ስትወጣ ህንዱ የፈተና ወረቀት ከሚያርምበት ቀና ብሎ «ምን ጠፋ?» አለኝ። ነገርኩት። «በቃ ይሂድ» አለ። «በእኔ ፊርማ አይሄድም!» አልኩት። ያን ስናገር የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ የማፍረውም በዚያ ደስታ ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ማመልከቻዎቹን የሚወስደው መኪና ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል።

ቅዳሜና እሑድ ዝናቡ ሲወርድ ሰነበተ። ሰኞ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ቀጥሎ ክፍል ስላልነበረኝ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሻይ ቤት ገባሁ። አዲስ ኮት ለብሻለሁ፤ ቡናማ፣ ኮሌታው ሰፊ፣ በውስጥ በኩል ኪስ ያለው። ያሰፋሁት በሚቀጥለው እሑድ ለነበረብኝ የጓደኛዬ ሠርግ ነው፤ እስከዚያ መቆየት ግን አላስቻለኝም። አራት ሰዓት ገደማ ዘነበች በሩ ላይ ቆመች። በዝናቡ ምክንያት መኪና ስላልመጣ ከተበላ በእግሯ ነው የወጣችው፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆናለች፣ ኮንጎ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ወረቀቱን ግን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ደብተር መሐል አድርጋ፣ ደብተሩን በብብቷ ይዛ ነበር የመጣችው። አንድ ጠብታ አልነካውም።

«ቲቸር፣ ጻፍኩት» አለች።

አንደኛው ጓደኛዬ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «ኧረ ቲቸር፣ በዚህ ጭቃ የሚመጣ ደብዳቤ መቼም ማመልከቻ አይሆንም!» ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሌላው «ኮቱ ነው የጠራት!» ብሎ ጨመረበት። ልጅቷ መሬት መሬቱን ታያለች። አፈርኩ፤ ያፈርኩት ግን ለራሴ እንጂ ለእሷ አልነበረም። ወረቀቱን ሳልገልጠው አጠፍኩና የኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

«አየዋለሁ» አልኳት።

«መኪናው ስድስት ሰዓት ነው ቲቸር።»

«አየዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

ሄደች። ከዚያ ደወል ተደወለ። ጠመኔ እንዳይነካው ብዬ ኮቱን መምህራን ማረፊያ ሰቀልኩትና ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው ከግቢው ሲወጣ መስኮት ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ እጄን አንሥቼ ሹፌሩን ሰላም ሳይቀር ብዬዋለሁ። ደብዳቤው ትዝ አላለኝም። ያገኘሁት እሑድ ለሠርጉ ኮቱን ስለብስ ነው፤ ሙሽራውን አጅበን ስንጨፍር ደረቴ ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር። ለርዕሰ መምህሩ ተናግሮ በፖስታ ማስከተል ይቻል እንደሆነ ቢያንስ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ምን ብዬ? ሻይ ቤት ሳቁብኝና ኪሴ ከተትኩት ልበል? ሰኞ፣ ነገ እናገራለሁ አልኩ። ማክሰኞም ነገ አልኩ። እንዲያ እንዲያ እያልኩ ሳምንቱ አለፈ።

የተመረጡት ስም ዝርዝር ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት ልጆቹ አንብበው ተበትነው እሷ ብቻዋን እዚያው ቆማ ቀረች። ጣቷን ከላይ እስከ ታች አስኬደች፣ እንደገና ከታች ወደ ላይ መለሰች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«ቲቸር፣ ስሜ የለም።»

«አልተቀበሉትም» አልኳት። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ኃጢአቴ በቀለለ። ዓይኗ ግን ከፊቴ አልነሣ አለኝ፤ ጨመርኩበት። «እንግሊዝኛው አልበቃም ብለው ነው።»

አንገቷን ደፍታ «ይቅርታ ቲቸር፤ ብዙ ደከሙብኝ» አለችኝ። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ነበረች።

በዚያው ሰሞን ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ተበላ ወረደች። አገባች ሲሉ ሰማሁ፤ እህል ትነግዳለች ሲሉም ሰማሁ። አንድ ጊዜ ቦዲቲ ገበያ ላይ፣ ልጅ አዝላ ከጆንያ ጋር ስትታገል በሩቁ አየኋትና መንገድ ተሻገርኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ እኔው ራሴ እንዲያ ያለ ማመልከቻ የሚመረምር ኮሚቴ ውስጥ ተመደብኩ። የመጀመሪያ ቀን «የእንግሊዝኛውን ደብዳቤ የሚያነበው ማነው?» ብዬ ጠየቅኩ። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ሳቀብኝ። «የቱን? ደብዳቤውን? ኧረ እኛ የምናየው ውጤት ነው!» ደብዳቤዎቹ በካርቶን ሆነው ጥግ ተቀምጠዋል፤ ሻይ ሲፈስ ጠረጴዛ የሚጠረገው በእነሱ ነበር። የእሷን ውጤት አስታውሰዋለሁ፤ ይበቃት ነበር፣ ተርፎም ይተርፋት ነበር። ከዚያ ወዲህ መታ መታ ማድረጉን ተውኩት፤ ስህተት ሳይ ቁጭ አድርጌ አሳይቼ እዚያው እፈርማለሁ። ተማሪዎቼም ቲቸር ሰው ሆነ አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ደብዳቤዋን ግን አልጣልኩትም፤ ገልጬም አላነበብኩትም። ለራሴ የምነግረው ምክንያት ነበረኝ፤ አራተኛው ቅጂም ስህተት አይጠፋውም፣ ያን ቀን ባየውም እመልሰው ነበር፣ ስለዚህ ለማንኛውም አይሄድም ነበር እል ነበር። ያቺን ምክንያት እንዳላጣት ነው ሳልገልጠው የኖርኩት። ቤት ስንቀይር ከሳጥን ወደ ሳጥን ይዛወራል። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የቤቱ ሰነድ እየመሰላት ከካርታው ጋር አብራ በጥንቃቄ ታስቀምጥልኝ ነበር።

ከኦቶና በተመለስኩ በሳምንቱ የልጅ ልጄ ቤዛ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ለእረፍት መጥታ ነው። ለትምህርት ዕድል ታመለክታለች፤ ዛሬ እንግዲህ ፉልስካፕ የለ፣ ማኅተም የለ፣ ቅጹ የሚሞላው እዚያችው ስልክ ላይ ነው።

«አባባ፣ የምማርበትን ስጽፍ ኢን ነው አት?»

«ስልኩ አያርምሽም እንዴ?»

«ያርማል። ግን አንተ እያለህልኝ ስልክ ልጠይቅ?»

ምላሴ ላይ የመጣው የጥንቱ ነው፤ «እስቲ አንብቢው» ልላት ነበር። ዋጥኩት። «ለዩኒቨርሲቲው አት፣ ለትምህርት ክፍሉ ኢን አድርጊው» አልኳትና «ሙሉውን አምጪው፤ አሁን ላንብበው» አልኩ።

«ኧረ አይቸኩልም፤ ሊዘጋ ገና አሥር ቀን አለው።»

«አሁን ነው የማነበው አልኩሽ!»

ደንግጣ አየችኝ። መነጽሬን አደረግኩ፤ ፊደሉን በጣቶቿ እያጎላችልኝ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁለት ቦታ አቃናን። «በይ ላኪው» አልኳት፣ ላከችው። ሁሉ ነገር የፈጀው አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣበትን ያህል ጊዜ ነው። ቤዛ ስትወጣ ሳጥኑን ከፈትኩ።

ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ቢጫ ሆኗል፤ ቀለሙ ግን አልደበዘዘም። «ዲር ሰር፣ አይ ሃቭ ዚ ኦነር» ብሎ ይጀምራል፤ የዚያን ጊዜ ማመልከቻ ሁሉ «ክብር ይሰማኛል» ሳይል ጉዳዩን አይናገርም ነበር። ጣቴን ከሥር እያስኬድኩ መስመር በመስመር ስህተት ፈለግኩ። እግዜር ይይልኝ፣ እንዲኖርበት እየለመንኩ ነው የፈለግኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድም አልነበረበትም። በዚያ ዝናብ፣ ተበላ ቁጭ ብላ፣ የምትጠይቀው ሰው ሳይኖራት ያቺን ቃል ራሷ አግኝታታለች።

በማግስቱ መናኸሪያ ሄጄ የተበላ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ ዛሬ አስፋልት ነው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ኮቴን አወለቅኩ፣ ሙቀቱ ከሶዶ ይለያል፤ በመስኮቱ እያየሁ መንገዱ አልቆ እንደሆነ ረዳቱን ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። «አባቴ፣ ገና ነው» አለኝ። በመኪና እንኳን እንዲህ ነው፤ እሷ ሽቅብ ነው የወጣችው። የእህል መደብሯን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ስሟን ስጠራ ገበያው በሙሉ ጠቆመኝ። በቆሎ እየሰፈረች ነበር። ስታየኝ መስፈሪያውን ጣለችው።

«ቲቸር! ሳሮ ነው፣ ሰላም ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። አንቺን ብዬ ነው የመጣሁት።»

ጆንያ አራግፋ አስቀመጠችኝ፣ ለስላሳ አስመጣችልኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር መንገዱን ሙሉ ሳሰላስል ነበር፤ እዚያ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት።

«ያንቺ ማመልከቻ ነው» አልኳት። «አልሄደም። ያን ቀን ኪሴ ውስጥ ረሳሁት። እንግሊዝኛሽ አልበቃም ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ማንም አላነበበውም፤ እኔም አላነበብኩትም። ትናንት ነው ያነበብኩት።»

ወረቀቱን አልገለጠችውም። አንድ ሰው መጥቶ የበቆሎውን ዋጋ ጠየቀ፤ በወላይትኛ አንድ ነገር ስትለው ትቶ ሄደ።

«ስንት ስህተት አለበት?» አለችኝ።

«ምንም የለበትም።»

«ምንም?»

«ምንም፤ አንድም።»

«ቲቸር፣ እኔ አምስት ልጅ ነው ያሳደግኩት» አለች። ድምጿን አላነሣችም። «እንግሊዝኛ ሲያጠኑ እኔ ከቤት እወጣለሁ። እማዬ ይሄ ምንድነው ሲሉኝ፣ እኔ አላውቅም፣ አባታችሁን ጠይቁ እላለሁ። ደጅ እቆማለሁ። አንዳንዱን እኮ አውቀዋለሁ! ግን ደግሞ ቲቸር አልበቃሽም ብሎኛል፤ ለልጄ ስህተት እንዳልነግረው ብዬ እፈራለሁ። ደጅ ቆሜ ነው ያደጉት።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«አሁን ምን እንደምል እኔ አላውቅም» አለች። ከመቀነቷ ስልኳን አወጣችና ደወለች። በወላይትኛ ፈጠን ፈጠን ብላ ተናገረች፤ «ቲቸር» የሚለውንና «እንግሊዝኛ» የሚለውን ሰማሁ፣ የቀረው በላዬ አለፈ። ከዚያ ስልኩን ዘረጋችልኝ።

«ልጄ ነው፣ ነርሱ» አለች። «አንተ ንገረው። ሰነፍ ነበርኩ ብዬ ነው የነገርኳቸው። በራስህ አፍ ንገረው።» «እርስዎ» ማለቷን የተወችው ያን ጊዜ ነው። አልከፋኝም።

ስልኩን ተቀበልኩ። «እናትሽ ሰነፍ አልነበረችም» አልኩ። «ጽሑፏ ልክ ነበር። እንዲያነብ የተሰጠው ሰው ነው ያላነበበው፤ እሱም እኔ ነኝ። ዋሽቻታለሁ።»

ወዲያ ማዶ ጋሪ ሲገፋ፣ ሰው በስም ሲጠራ ይሰማኛል።

«እማዬ እያለቀሰች ነው?» አለችኝ ልጅቷ።

ዞሬ አየኋት። ወረቀቱን ገልጣ ጉልበቷ ላይ ዘርግታዋለች፤ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ ገበያተኛው እስኪሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ «አይ ሃቭ ዚ ኦነር» ትላለች።

«የለም» አልኳት። «እያነበበች ነው።»